ወረራ፤ ስለ ጨዋታ መጀመሪያና ስለ ባሌ ደጋ

ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ በውድድር መልክ በሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ውድድሩ ገና በተከፈተበት ሰዓት፣ ሁሉም ቺፕስ የሚባለውን የጨዋታ ገንዘብ እኩል ይዞ በተቀመጠበት ጊዜ፣ የእጁ ካርታ ከባላጋራው ካርታ በጥቂቱ ብቻ እንደሚሻል የገመተ ሰው፣ በዚያች ጥቂት ብልጫ ተማምኖ ያለውን ሁሉ ያስይዝ፣ ወይስ ካርታውን ጥሎ የተሻለ ጊዜ ይጠብቅ የሚል ነው። በተራ የቁማር ገበታ ላይ መልሱ አያስቸግርም፤ የተበላ ሰው ከኪሱ ጨምሮ ይቀጥላልና፣ ከመቶው ጊዜ አምሳ ሁለቱን የሚያሸንፍበትን ዕድል ማሳለፍ ሞኝነት ነው። በላስ ቬጋስ ከተማ በቢንየን የቁማር ቤት በ1970 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የዓለም ውድድር ግን በማግሥቱ ዓመት፣ ቺፕሱን የጨረሰ ሁሉ ከገበታው ተነሥቶ ይሂድ የሚል ደንብ ያዘ፤ በእንዲህ ያለው ደንብ ደግሞ የቺፕስ ዋጋና የገንዘብ ዋጋ ይለያያሉ።

ነገሩን በአኀዝ ማየት ይቻላል። አሥር ሰዎች አሥር አሥር ብር አዋጥተው መቶ ብር ቢሰበሰብ፣ ከዚያም ውስጥ 50ው ለአንደኛ፣ 30ው ለሁለተኛ፣ 20ው ለሦስተኛ እንዲሰጥ ቢወሰን፣ በችሎታም ሁሉም እኩል ቢሆኑ፣ ሲጀመር የእያንዳንዱ ቦታ አሥር ብር እንደሚያወጣ ግልጽ ነው። ከእነርሱ አንዱ በመጀመሪያው እጅ የባላጋራውን ቺፕስ በሙሉ ወስዶ የራሱን እጥፍ ቢያደርግ፣ ቦታው ሃያ ብር የሚያወጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ሜሰን ማልመዝ የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ በ1987 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ስሌት ሲመረመር 18 ብር ከ44 ሳንቲም ብቻ ሆኖ ይገኛል። የጎደለው 1 ብር ከ56 ሳንቲም ምንም ሳያደርጉ ተቀምጠው ለተመለከቱት ለስምንቱ ሰዎች ይከፋፈላል። ስለዚህ አሥር ብር የሚያወጣ ቦታውን አሳልፎ የሚያስይዝ ሰው ከመቶው ጊዜ ከ54 በላይ ማሸነፍ ይገባዋል፤ በ52ቱ ተማምኖ የገባ ሰው፣ አሸንፎ ቢስቅ እንኳ፣ በሒሳቡ ከሳሪ ነው። ስምንቱ ዝም ብለው የተቀመጡት ሰዎች በሁለቱ ጠብ ምክንያት ጥቂት መበልጸጋቸው፣ የአገርን ታሪክ ላነበበ ሰው እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

የሐዋርያት ቀኖና ቁማር የሚያዘወትር ኤጲስ ቆጶስ ወይም ቄስ ወይም ዲያቆን ካልተወ ከሹመቱ እንዲሻር ያዛልና፣ ይህ ጽሑፍ ማንንም ወደ ካርታ ገበታ አይጠራም። ጥያቄው ግን ከፖከር እጅግ የሚቀድም፣ በአገራችንም በመሳፍንቱ አዳራሽ በሰንጠረዥ፣ በባሌ ደጋ ደግሞ በጦርና በዘር የተፈተነ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን በዚያ በኩል መከተል የተሻለ ነው።

የጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ከሚታየው የአውሮፓ ቼዝ በብዙ ነገር ይለያል። ገበታው በጥቁርና በነጭ የተዥጎረጎረ አልነበረም፤ መስመር የተሰመረበት ጨርቅ ይበቃ ነበር፤ በላዩም ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ የተባሉት፣ ከዝሆን ጥርስ ወይም ከቀንድ ወይም ከእንጨት የተጠረቡ ጠጠሮች ይሰለፉ ነበር። በዛሬው ቼዝ ንግሥቲቱ በቆመችበት ስፍራ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ ከአንድ ቤት በላይ አይራመድም፤ ፊሉም በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል እንጂ ሩቅ አይደርስም፤ በዚህ ምክንያት የሠራዊቱ ጉዞ ዝግ ያለ፣ ሰልፉም በብዙ ትዕግሥት የሚበጅ ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው አጀማመሩ ነው። ወረራ በሚባለው በዚህ የመጀመሪያ ክፍል ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድነት፣ ደስ ባላቸው ፍጥነት፣ ያሻቸውን ያህል ጠጠር እያንቀሳቀሱ ሰልፋቸውን ያበጃሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን ያፈርሳል፣ ያፈረሰውንም መልሶ ይሠራል። ይህ ሁሉ ነጻነት የሚያበቃው ከሁለቱ አንዱ የባላጋራውን ጠጠር በበላ ጊዜ ነው፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጨዋታው በተራ ይሆናል፣ የተጣመመ ሰልፍም እንደ ተጣመመ ጦርነት ይገባል።

እንግዲህ በወረራ ጊዜ አንድ መደቅ ያለ ጠባቂ ወጥቶ ያየ ተጫዋች የሚገጥመው ፈተና ይህ ነው፤ መደቁን ቢበላ ከዐሥራ ስድስቱ የባላጋራው ጠጠሮች አንዱን አጉድሏል፣ ትርፉም በዐይን የሚታይ ነው፤ ነገር ግን ደሮቹ ገና ከማዕዘናቸው ያልወጡ፣ ፈረሶቹም በራሱ መደቆች የታገዱ እንደ ሆነ፣ በዚያች አንዲት መደቅ ዋጋ የማስተካከልን መብት ሸጧል። በሌላ በኩል ደግሞ ትርፍ ሁሉ ወጥመድ ነው ብሎ የሚሰጋ ሰው፣ ባላጋራው ሰልፉን እንዳሰኘው እስኪጨርስ ድረስ ጊዜ ይሰጠዋል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከሁለቱ ጥፋቶች ይህ ሁለተኛው የባሰ ነው፤ የመጀመሪያው ጥፋት ቢያንስ መደቋን ያስገኛልና።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 እ.ኤ.አ. ወደ ትግራይ መጥቶ በእንጣሎ የአገሩን ገዢ የራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ተመልክቷል። እርሱ እንደ መሰከረው ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሸካራ ነበሩ፤ የሚበላውንም ጠጠር በእርጋታ ማንሣት የለም፣ በኃይል መትተው ከቦታው ያባርሩታል። በዙሪያው የቆመ ሁሉ፣ ባሪያው እንኳ ሳይቀር፣ ይጮኻል፣ ይመክራል፣ እጁን ሰዶ ጠጠሩን እያነሣ የሚሻለውን መንገድ ያሳያል፤ በዚህ ሁሉ ሁካታ መካከል ግን ራስ ሁልጊዜ አሸናፊ ሆነው እንዲወጡ በጥበብ ይደረግ ነበር። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ሶልት እንደ ቀልድ የጻፋት ብትመስልም፣ ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ የምታስተምር እርስዋ ናት፤ ኪሣራው በእርሱ ላይ እንዳይደርስ ሌሎች የሚጠነቀቁለት ሰው ጥቂቱንም ብልጫ፣ ብዙውንም ብልጫ፣ ምንም ብልጫ የሌለውንም ነገር ያለ ስጋት ሊደፍር ይችላል።

ከራስ ወልደ ሥላሴ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ብንመለስ፣ በአፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ቢቺኒ የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ነበር፤ የቬኒሱ አሌሳንድሮ ዞርዚ ከኢትዮጵያ የመጡ መነኮሳትን እየጠየቀ በሰበሰበው ማስታወሻ ውስጥ፣ ይህ ሠዓሊ ከንጉሡ ጋር ሰንጠረዥና ካርታ ይጫወት እንደ ነበር ተመዝግቧል። ካርታ በኢትዮጵያ ነገሥታት አጠገብ ሲጠቀስ ይህ ከጥንታዊዎቹ ምስክሮች አንዱ ነው፤ ለእኛ ግን ይበልጥ የሚያስገርመን የጊዜው መገጣጠም ነው። አባ ባሕርይ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ስለ ኦሮሞ በጻፈው ታሪክ፣ ኦሮሞዎች ገላና የተባለውን ወንዝ ተሻግረው ወደ ባሌ ድንበር የደረሱት በአፄ ወናግ ሰገድ መዋዕለ መንግሥት ነው ይላል፤ ወናግ ሰገድም የዚሁ የልብነ ድንግል ስመ መንግሥት ነው። ንጉሡ በአዳራሹ መደቅ ሲያራምድ፣ በመንግሥቱ ደቡባዊ ጫፍ የተጀመረው ጉዞ ከአንዲት የድንበር ግጭት አብልጦ የገመተው አልነበረም።

ባሌ በዚያ ዘመን አዲስ አገር አልነበረችም። በ14ኛው ምዕተ ዓመት የጻፈው ዐረባዊው ሊቅ አልዑመሪ ከይፋት፣ ከደዋሮና ከሐዲያ ጋር ቆጥሮ ከእስላም ግዛቶች አንዷ መሆንዋን ያወሳል፤ ለክርስቲያኑ ንጉሥም ስትገብር ኖራለች። በመጋቢት 1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ ሜዳ ልብነ ድንግልና የአዳሉ ኢማም አሕመድ ሲገጥሙ፣ የኢማሙ ዜና መዋዕል ጸሐፊ እንደሚለው፣ በንጉሡ በኩል 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 የሚበልጥ እግረኛ፣ በኢማሙ በኩል ግን 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ ብቻ ተሰልፎ ነበር። ቁጥሩ እንደ አሸናፊ ጸሐፊ ልማድ የተጋነነ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ንጉሡ የመንግሥቱን ሠራዊት በአንድ ሜዳ አከማችቶ በአንድ ቀን ማስያዙ እውነት ነው፤ ያን ቀን ተሸነፈ፣ ከዚያም በኋላ እንደ ቀድሞው ያለ ሠራዊት ለመሰብሰብ አልቻለም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባሌም በኢማሙ ሹማምንት እጅ ገባች፤ ንጉሡም ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሽ ኖሮ በ1540 እ.ኤ.አ. በደብረ ዳሞ ዐረፈ።

በዚያው ዘመን፣ ሁለቱ ታላላቅ ኃይላት እርስ በርሳቸው ሲዳከሙ፣ ኦሮሞዎቹ የሄዱበት መንገድ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነበር። አባ ባሕርይ በየስምንት ዓመቱ የሚፈራረቁትን ገዳዎች በስማቸው እየጠራ ሲተርክ፣ ሜልባ የተባለው ገዳ ባሌን መውጋት ጀመረ፣ ከእርሱም ቀጥሎ ሙደና የዋቤን ወንዝ ተሻገረ ይላል፤ በእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ገዳዎች ዘመን ዘማቾቹ ከዘመቻ በኋላ በያዙት አገር አይሰፍሩም፣ ወደ መነሻቸው ይመለሱ ነበር እንጂ። አንድ ጊዜ ቢሸነፉ የሚጎድለው የዚያ ዘመቻ ድርሻ ነው፤ ከብቱ፣ ቤተሰቡና የገዳው ሥርዐት ከዘመቻው ወዲያ በሰላም ይቆያልና፣ ሁለተኛ ለመሞከር የሚያግድ ነገር የለም። በየስምንት ዓመቱ አዲስ ገዳ አዲስ ዘመቻ የማድረግ ግዴታ ስላለበትም፣ ጥቂቱ ትርፍ በጥቂቱ ላይ ይደመራል። መነኩሴው አባ ባሕርይ፣ ኦሮሞዎች ቁጥራቸው አነስተኛ ሳለ እኛ ብዙዎች ሆነን ለምን ተሸነፍን ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን በኅብረተሰቡ አከፋፈል ውስጥ መፈለጉ፣ ከሚዋጋው የማይዋጋው ይበዛል ማለቱም፣ በዘመኑ ጸሐፍት ዘንድ እምብዛም የማይገኝ ማስተዋል ነው፤ እኔ ግን በዚያ ላይ ይህን የማስያዝ ልክ እጨምርበታለሁ።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ሦስት መቶ ዓመታት በፍጥነት እንለፋቸው። በ1870ዎቹ ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና አጎታቸው ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ በአርሲ ላይ ያካሄዱት ዘመቻ ብዙ ዓመት የፈጀ፣ እጅግም ብዙ ደም የፈሰሰበት ነበር፤ ባሌም ከአርሲ ቀጥሎ በዚያው መንገድ ተያዘ፣ ጎባም የጦር ሰፈርና የአገረ ገዢ መቀመጫ ሆነች። ከሸዋ የመጣው ነፍጠኛ መሬትና ገባር ተተከለለት፤ ገበሬውም ከምርቱ ከፍሎ፣ ለግብሩ ማርና ከብት አክሎ፣ በጉልበቱም አገልግሎ የቀረውን ይበላ ጀመር። ከላይ የተቆጠረው የአሥሩ ሰዎች ሒሳብ እዚህ ላይ በሥጋና በደም ይታያል፤ ገባሩ ምርቱን እጥፍ ቢያደርግ ሲሶው ወይም እርቦው ወይም ሌላው ድርሻ ዝም ብሎ ለተቀመጠው ይሄዳል፣ ዘሩ ቢጠፋ ግን የጠፋው የእርሱ ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው አዲስ ነገር ለመሞከር ሲያመነታ ታይቶ ሰነፍ መባሉ የሹማምንቱ ፍርደ ገምድልነት ነበር።

ሰንጠረዡ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከነመኳንንቱ ተዳከመ፤ የባሌው አገረ ገዢ ደጃዝማች በየነ መርዕድም በየካቲት 1929 ዓ.ም. ከጠላት ጋር ሲዋጉ ተይዘው ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ የተነሣው ትውልድ የአውሮፓውን ቼዝ ተማረ፤ በዚህኛው ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ተራ አለ፣ ወረራ የለም።

በባሌ ደጋ ላይ ግን የወረራው ጊዜ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ከጎባ ወደ ሮቤ የሚወስደው አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ 4,000 ሜትር ከሚደርሰው ከሳነቴ አምባ ሥር ተነሥቶ ወደ ሲናና ሜዳ ይወርዳል፤ ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር፣ ሮቤ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ሜዳ የበልግ ዘር ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፣ የመኸሩ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ይደርሳል፤ የአገሩ ገበሬ የፊተኛውን ጋና፣ የኋለኛውን ቦና ይለዋል። መጋቢት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ያለ እንደ ሆነ ገበሬው ወደ ማሳው ወርዶ ጓሉን ይሰብራል፣ በእጁም ጨብጦ እርጥበቱ ስንት ጣት ያህል ወደ ውስጥ እንደ ገባ ይመለከታል። ቶሎ የዘራ ሰው በሐምሌ ቶሎ ያጭዳል፤ የመኸሩ ዝናብ ሳይበረታበት፣ ነዶውም በክምር ላይ ሳይበቅልበት፣ ኮምባይነሩም በጭቃ ሳይያዝ እህሉን ያገባል፤ መሬቱንም ለቦናው ለማረስ ጊዜ ያገኛል። ትርፉ እርግጥ ነው፣ ነገር ግን ጥቂት ነው። ዝናቡ ሁለት ሳምንት ቢያቋርጥ ደግሞ በሄክታር እስከ ሁለት ኩንታል የሚሆነው ዘር ጎንቁሎ ይደርቃል፤ ጎተራው ውስጥ ሌላ ዘር ከሌለም ያ ሰው ለዚያ ወቅት ከገበታው ተነሥቷል።

ዘዴው በየቤቱ ይለያያል። አንዱ ቶሎ የሚደርሰውን ገብስ በከፊል መሬቱ ላይ አስቀድሞ ዘርቶ ስንዴውን ያቆያል፤ ሌላው ለክፉ ቀን ቅርፊታሟን አጃ በጥግ በኩል ሳይዘራ አያልፍም፣ ምርትዋ ትንሽ ቢሆንም በቀላሉ አትከዳምና። ጠባቂው ሁሉ ደግሞ ጠቢብ አይባልም፤ በፖከር ውድድር እየቆየ ሲሄድ ሁሉም በግድ የሚያስይዘው መጠን እንደሚያድግና ዝም ብሎ የተቀመጠውን እንደሚበላው፣ በሲናናም መሬቱን ለበልግ ሳይዘራ የሚያሳልፍ ሰው አረም ይወርሰዋል።

የዚህ ሁሉ ትልቁ ፈተና የመጣው ከዘር ምርጫ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ዐዋጅ የገባርን ሥርዐት አፈረሰ፤ በሜዳውም ላይ ሰፋፊ የመንግሥት እርሻዎች ተቋቋሙ፤ በ1986 እ.ኤ.አ. የሲናና የእርሻ ምርምር ማዕከል ተከፈተ፤ ስንዴም ከገብስ መሬት እየወሰደ ተስፋፋ። እንኮይ የተባለው ዝርያ በ1974 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ለሃያ ዓመት ያህል በአርሲና በባሌ ታምኖ ሲዘራ ኖረ፤ በ1993ና በ1994 እ.ኤ.አ. የግንድ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ገብቶ አጠፋው። በእንኮይ ስፍራ ኩብሳና ገላማ ተተኩ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ እነርሱን መታ። ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዲገሉ ያን ጊዜ በገበሬው ዘንድ ተወደደ፣ በጥቂት ዓመትም ሜዳውን ሞላ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ተነሥቶ በባሌና በአርሲ ከ10,000 ሄክታር በላይ የሆነውን የዲገሉ ማሳ በብዙ ስፍራ ፍሬ እስከማሳጣት አደረሰው።

በሦስቱም ጊዜ የሆነው ነገር አንድ ነው። አዲሱ ዝርያ ከቀድሞው በጥቂት ኩንታል ይበልጣል፤ ብልጫው እውነተኛ ነው፣ በምርምር ማሳም የተመሰከረ ነው፤ አንድ ገበሬ በአንድ ጥማድ መሬት ቢሞክረው ዋግ ቢመጣ እንኳ የሚጎድለው ያ ጥማድ ነው። ሜዳው ሁሉ አንድ ዝርያ የዘራ እንደ ሆነ ግን ዋጉ ከማሳ ወደ ማሳ ሲሄድ የሚያግደው የለም፤ ያችው ጥቂት ብልጫ ከአጋርፋ እስከ ጎሮ የሁሉንም ቺፕስ በአንድ እጅ ታስይዛለች። ገበሬውን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ የዘር ድርጅቱ በብዛት የሚያቀርብለት ያን አንዱን ዝርያ ነው፣ ኮምባይነሩም የተዘበራረቀ ማሳ አይወድም፣ የሮቤ ነጋዴም አንድ ዓይነት ስንዴ ሲሆን ይገዛል።

ኩብሳ ከ2010ሩ ቢጫ ዋግ በኋላ ፈጽሞ አልተተወም። ምርቱን የሚወዱ ገበሬዎች ብዙ ዓመት ዘርተውታል፤ ነገር ግን ጸረ ዋግ ኬሚካል ገዝተው፣ ምልክቱ በቅጠሉ ላይ ሲታይ፣ አንዳንዱም ሳይታይ አስቀድሞ፣ በጀርባ በሚታዘል መርጫ እየረጩ ነው። የኬሚካሉ ዋጋ ከኩብሳ ብልጫ ላይ ከፍ ያለ ድርሻ ይወስዳል፤ በደህና ዓመት የረጨው ሰው ካልረጨው ጎረቤቱ ያነሰ ያተርፋል፣ ይህንም እያወቀ በሚቀጥለው በልግ መርጫውን ጠግኖ ይጠብቃል።